ሦስት ክሬም፣ አንድ ክፍል፦ ተመሳሳይ ቀለም እንደ ናሙና ሲመረጥ

ዛሬ እሑድ ነው፣ ዋጋ የለም። የቡናውም የጤፉም ዝርዝር ሰኞ በተለመደው ሰዓት ይለጠፋል። እሑድ እሑድ ከገበያው ወጣ ያለ፣ ግን ከሥራችን ብዙም ያልራቀ ነገር እንደምጽፍ ታውቃላችሁ። የዛሬው ስለ ቤት ቀለም ነው። በተለይ ደግሞ ሁሉም አንድ ስለሚመስሉት፤ ክሬም፣ ቤዥ፣ ኦፍ ዋይት፣ ቡና በወተት እየተባሉ ስለሚሸጡት።

"ደላላ ስለ ቀለም ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። የእኛ እንጀራ እኮ ቀለም ነው! ጤፍ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እየተባለ ዋጋው የሚለያየው መጀመሪያ በዓይን ነው። የሁመራ ሰሊጥ ገዢ የሚፈልገው ለንጣቱ ነው። ቡና ሲመረመርም ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለቅምሻው ነው፤ የታጠበ ቡና ጥሬው ሲታይ ደግሞ ቀለሙ የራሱ ነጥብ አለው። ሰማያዊ የሚነካው አረንጓዴ ፍሬ አዲስ ነው፤ እየነጣ፣ እየገረጣ የሄደው ወይ ከርሟል ወይ እርጥበት አግኝቶታል። ይህን ልዩነት በእፍኝ ይዞ የሚለይ ሰው የግድግዳ ቀለም ለመምረጥ ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው። መንገዱ አንድ ነውና።

ነገሩን ያነሳሁት በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው። እኔ የምኖረው ሳሊተ ምሕረት ነው። ከሲኤምሲ መንገድ ገባ ስትሉ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ቤት ያስጨርሳል፣ አንዱ ተከራይ አስወጥቶ ያድሳል፣ አንዱ ለበዓል ያስቀባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ፊታቸው ተቀራራቢ በሆነ ደብዛዛ ቀለም ሲቀባ ሁላችንም አይተናል። የውጪውን ከተማው ይወስናል፤ የውስጡ ግን የእኛው ነው። እዚያ ላይ ነው እንግዲህ ባልና ሚስት ካታሎግ ይዘው የሚከራከሩት።

ክሬም ከምን ይሠራል?

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቅ። "ቤዥ" የፈረንሳይ ቃል ነው፤ መነሻው ያልተነከረ፣ በተፈጥሮ ቀለሙ ያለ የበግ ሱፍ ነው። እኛም ለዚህ የሚቀርብ ቃል አላጣንም፤ "ቡላ" ፈረስ ወይም "ቡላ" አህያ ስንል የምናስበው ቀለም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ቀለም ሱቅ ውስጥ ክሬም የሚባለው በአብዛኛው ነጭ ነው። ነጭ መሠረት ተወስዶ ትንሽ ቢጫ፣ ከዚያ ያነሰ ቀይ፣ ጠብታ ጥቁር ይገባበታል። ሁሉም ክሬም ከእነዚህ ነው የሚወጣው፤ የሚለያየው ልኩ ነው። ቢጫው ሲበዛ ቅቤ ይመስላል። ቀዩ ሲበዛ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ቢጫና ጥቁር ሲገናኙ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላሉ፤ "ክሬም ብዬ ቀብቼ ግድግዳዬ አረንጓዴ ሆነ" የምትሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ጥቁሩና ነጩ ሲያመዝኑ ግራጫ ይነካዋል።

ስለዚህ ሦስት ክሬም ፊታችሁ ሲቀርብ ጥያቄው "የትኛው ያምራል?" አይደለም። "ይኼኛው ወደ ምን ያደላል?" ነው። ስሙን አትመኑ። አንዱ ፋብሪካ "ክሬም" ያለውን ሌላው "አይቮሪ" ይለዋል። ስም ጆንያ ላይ የተጻፈ ነገር ነው፤ ውስጡን የሚናገረው ናሙናው ነው።

ነጩ የትኛው ነው?

አሁን ዋናው ጉዳይ። ክሬም ብቻውን አይታይም። ዓይናችን ሁልጊዜ "ከምን ጋር ሲነጻጸር?" ብሎ ነው የሚፈርደው።

እህል በረንዳ የዋለ ሰው ይህን ያውቃል። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተዘረጋ ጤፍ ከፀሐይ ከሚታየው ይልቅ ነጭ ይመስላል። የሸራው ሰማያዊ ብርሃን የጤፉን ቢጫነት ይሸፍነዋል። ብልህ ገዢ ታዲያ እፍኝ ይዞ ወጣ ይላል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ያያል። ልዩ ቡና የሚመረምሩትም ጥሬውን ጥቁር ምንጣፍ ላይ ይዘረጉና በተመጠነ መብራት ያዩታል። የሚያዩበት ቦታ ከተለዋወጠ ፍርዱም እንደሚለዋወጥ ስለሚያውቁ ነው።

ለዚህ የምወደው ታሪክ ከገበያ አይደለም፣ ከሰማይ ነው። ካርል ግሌዝብሩክና ኢቫን ባልድሪ የሚባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ከ200,000 በላይ ጋላክሲዎችን ብርሃን ደምረው "የጠፈር አማካይ ቀለም ምን ይመስላል?" ብለው አሰሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 መልሱን ተናገሩ፦ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ። ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። በመጋቢት ግን አረሙት። ሒሳቡን የሠራው ፕሮግራም "ነጭ" ብሎ የያዘው መነሻ ትክክለኛው ነጭ አልነበረም፤ ወደ ቀይ የሚያደላ ነበርና ሌላውን ሁሉ ወደ አረንጓዴ ገፋው። ነጩ ሲስተካከል የጠፈር ቀለም ምን ሆኖ ተገኘ? ክሬም! ስሙንም ከቡና ነው የሰጡት፤ "ኮስሚክ ላቴ" አሉት። እኛ ብንሆን የጠፈር ማኪያቶ፣ ነጣ ያለ፣ እንለው ነበር።

ቁም ነገሩ ይኼ ነው፦ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጋላክሲ የሚያሰላ ሰው እንኳ ነጩን ካሳሳተ ክሬሙን ያጣዋል። እናንተም ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ "ነጩ የትኛው ነው?" በሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የቀለሙን ናሙና ከወረቀቱ አጠገብ ስታደርጉት ወደ ሮዝ ይሁን ወደ ቢጫ ወይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ወዲያው ይጋለጣል። ሦስቱን ናሙናዎች ጎን ለጎን ስታዩም እንዲሁ ነው፤ ለየብቻ ሲታዩ አንድ የሚመስሉት አብረው ሲቀመጡ ይለያያሉ። አንድ ጆንያ ብቻ አይቶ ደረጃ የሚሰጥ ደላላ አይተችሁ ታውቃላችሁ?

ሌላ አንድ ነገር፤ ቀለም በስልክ ፎቶ አይመረጥም። ስልኩ ራሱ ነጩን ይገምታል፣ ቴሌግራሙ ምስሉን ይጨምቀዋል፣ የተቀባዩ ስክሪን ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። እዚህ ቻናል ላይ "ጤፍ በፎቶ አይገዛም" ብዬ ስንቴ ጽፌያለሁ? ክሬምም ያው ነው።

የአዲስ አበባ ፀሐይ

ቀለም ስለ መምረጥ ከውጭ የሚመጣ ምክር ሁሉ አንድ አረፍተ ነገር አያጣውም፦ "ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን ስላለው ሞቅ ያለ ቀለም ቀቡት።" ይህ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ልክ ነው። እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። እኛ ግን ከምድር ወገብ በላይ 9 ዲግሪ ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ የሚያገኝበት ወቅት ደግሞ ግማሹ ክረምት ነው፤ ደመና ይጋርደዋል። በበጋ ደቡቡ ይጠቀማል።

ስለዚህ ለእኛ ከሰሜንና ደቡብ ይልቅ ምሥራቅና ምዕራብ ይበልጥ ይለያል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወርቅ ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ይደበዝዛል። ወደ ምዕራብ የሚያየው ከ10 ሰዓት በኋላ ይነዳል፤ ቢጫ ክሬም እዚያ ከተቀባ አመሻሽ ላይ ብርቱካን ሊመስል ይችላል።

የሰፈራችን ሌላው ጉዳይ ጎረቤት ነው። ሳሊተ ምሕረት ላይ ስንት መስኮት ነው ሰማይ የሚያየው? አብዛኛው የሚያየው የጎረቤት አጥር፣ ቀይ ቆርቆሮ፣ ወይም ዛፍ ነው። ብርሃኑ ከዚያ ላይ ነጥሮ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ቅጠል የበዛበት መስኮት ክሬሙን ወደ አረንጓዴ ይጎትተዋል፤ ቀይ ጣሪያ ወደ ሮዝ። ይህን ካታሎጉ አያውቀውም።

ማታ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ብዙዎቻችን የምንሰቅለው ኤልኢዲ አምፖል ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ይላል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ክሬሙን ያቀዘቅዘዋል፣ ግራጫ የሚነካውን ክሬም ሲሚንቶ ያስመስለዋል። 2700 ወይም 3000 የሚለው ቢጫ ብርሃን ነው፤ ክሬሙን ያሞቀዋል። አንዳንዴ ቀለም ከመቀየር አምፖል መቀየር ይረክሳል። የክፍሉን አምፖል ሳታዩ ቀለሙን አትወስኑ።

"በየትኛው ዓይኔ?"

እኛ ቤትም ሦስት ክሬም ቀርቦ ነበር። ክፍሉ የእናቴ ነው። ከደብረ ማርቆስ በኩል ያመጣናት ለዓይኗ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቿ የሞራ ግርዶሽ ነበረባቸው፤ አንደኛው ተሠርቶላት የሁለተኛውን ቀጠሮ ትጠብቃለች። ክፍሉ ድሮ የተቀባው እንዳለ ነበር፤ ግድግዳው ክሬም፣ በሩ ክሬም፣ የበሩ ፍሬም ክሬም። ግድግዳው ስለቆሸሸ ላድሰው ብዬ ተነሳሁ። እኔ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ያዝኩ፣ ባለቤቴ ወደ ሮዝ የሚያደላውን፣ ቀለም ቀቢው ደግሞ "አሁን ሰው ሁሉ የሚቀባው ይኼን ነው" ብሎ ግራጫ የሚነካውን አመጣ። ሦስቱንም ካርቶን ላይ አስቀባሁና ግድግዳው ላይ ደገፍናቸው።

"እማዬ፣ የትኛው ይሻልሻል?" አልኳት።

"በየትኛው ዓይኔ?" አለችኝ።

የቀለደች መስሎን ሳቅን። እሷ ግን ያልተሠራውን ዓይኗን በመዳፏ ከድና አየች፤ ከዚያ የተሠራውን ከድና አየች። "በዚህኛው ሳየው ማኛ ነው፤ በዚህኛው ሳየው ሰርገኛ ነው" አለች። የጤፍ አገር ሰው ናት፤ የቀለም ስሟ ይኼ ነው።

ልክ ነበረች። የዓይን ሞራ ሲበስል የዓይናችን ሌንስ ይቢጫል፣ ይበልጥ ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፤ ሰማያዊውን ብርሃን እየዋጠ ዓለምን በሻይ ብርጭቆ ውስጥ እንደማየት ያደርገዋል። ሌንሱ ወጥቶ ጥርት ያለው ሲተካ ሰማያዊው ይመለሳል። አንድ ዓይናቸው ብቻ የተሠራላቸው ሰዎች ሁለት ነጭ ነው የሚያዩት። ሦስት ክሬም ይዘን ስንከራከር እናቴ ስድስት ነበር የሚታያት።

ከዚያ ያለችው ነው ነገሩን የቀየረው። "ልጄ፣ ቀለሙን ተዉት። ሁሉም ደግ ነው። በሩ ግን የት ነው?"

"እንዴት የት ነው? ይኸው እኮ!"

"ለአንተ ነው ይኸው። እኔ ሌሊት ስነሳ በሩን በእጄ እየዳበስኩ ነው የማገኘው። ግድግዳውም እሱ፣ በሩም እሱ። አንድ ቀን ሽንት ቤት ሳልደርስ እወድቃለሁ ብዬ ውሃም አልጠጣ ማታ።"

ለምን አልነገርሽንም ስንላት "ላስቸግራችሁ ብዬ ነዋ" አለች። ላለፉት ሳምንታት "አገሬ ልግባ፣ ሁለተኛውን ዓይኔን ተዉት፣ አንዱ ይበቃኛል" ትል ነበር። አገሯ ናፍቋት ይሆናል እያልን ነበር። ናፍቆቱ እውነት ነው፤ ግን አገሯ ያለው ቤቷ በሩ ጥቁር እንጨት ነው፣ ግድግዳው ነጭ ኖራ ነው። እዚያ በሩን በዓይኗ ታገኘዋለች።

ሦስት ነጥብና ሠላሳ ነጥብ

ይህን በቁጥር ላስረዳ፤ ለቁጥር ሰው ይቀላል። አንድ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን ስንቱን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 ይለካል። ድፍን ጥቁር ወደ 0፣ ንጹሕ ነጭ ወደ 100 ይጠጋል። የውጭ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ካታሎጋቸው ጀርባ ላይ ይጽፉታል። ክሬሞች ከላይኛው ጫፍ አካባቢ ናቸው፤ በጣም ከሚቀራረቡት ሁለቱን ብትወስዱ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነጥብ ነው። የእንግሊዞች የሕንፃ ደረጃ፣ ቢኤስ 8300 የሚባለው፣ ማየት ለሚቸገር ሰው በርና ግድግዳ፣ ግድግዳና ወለል እንዲለዩለት በመካከላቸው 30 ነጥብ ያህል ልዩነት ይኑር ይላል።

አያችሁ? ባልና ሚስት የሚከራከሩት በሦስት ነጥብ ነው። እናት የሚያስፈልጋት ሠላሳ ነው። ሦስቱም ክሬሞች ቢሆኑ ለእሷ ልዩነት አልነበራቸውም፤ ልዩነቱ ያለው ከክሬሙ ቀጥሎ በሚመጣው ነገር ላይ ነው። የበሩን ክፈፍና በሩን ራሱን በጠቆር ያለ ቡናማ ዘይት ቀለም አስቀባን። ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ እንዲሁ ጠርዝ ተሠራለት። ዞኮሎው ከግድግዳው ጋር አብሮ ተቀብቶ ነበር፤ እሱም ጠቆረ። ግድግዳው ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላው ክሬም ገባ፤ ለምን ቢባል ክፍሉ ጠዋት ብቻ ነው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ከቀትር በኋላ የጎረቤት ሕንፃ ይጋርደዋል። ባለቤቴም በዚህ አልተከራከረችኝም፤ ሮዙ ካርቶን 11 ሰዓት ላይ ምን እንደመሰለ አይታለችና።

እናቴ አሁን ግድግዳ አትዳብስም። "አገሬ ልግባ" ማለቷን አልተወችም፤ "ሁለተኛው ዓይኔ ከተሠራ በኋላ" የሚል ግን ጨምራበታለች። እኔ በዚህ ደስተኛ ነኝ።

ዓይኑ ሙሉ ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ የሚመለከተው አይመስለው ይሆናል። ግን ማን ቤት ነው አዛውንት የማይመጣው? ለበዓል፣ ለሕክምና፣ ለልቅሶ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቤታችሁን ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ፦ ክፍሉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። በሩ ግድግዳው ውስጥ ከጠፋ ለእናታችሁም ጠፍቷል ማለት ነው። ስልክ ለክሬም ምርጫ አይሆንም ብያለሁ፤ ለዚህ ግን ደህና ነው፤ ይህ የጥቁረትና የንጣት ጥያቄ ነውና።

ወደ ግዢው

በብር አልጽፍም፤ የዛሬ የቀለም ዋጋ የሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም። በሊትር እናስላ፤ ሊትር አይዋሽም።

4 ሜትር በ3.5 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው። ቁመቱ 2.8 ከሆነ ግድግዳው 42 ካሬ ነው። በርና መስኮት ወደ 4 ካሬ ቀንሱ፤ 38። ሁለት እጅ ሲቀባ 76። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ደህና በተለሰነ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ አካባቢ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ወደ 8 ሊትር ያስፈልጋል። ግድግዳው ሸካራ ከሆነ ወይም ስቱኮው አዲስ ከሆነ ይጠጣል፤ መጀመሪያ ፕራይመር ካልተቀባ ሒሳቡ ይፈርሳል። ጋሎን ሲባልም ጣሳው ላይ የተጻፈውን እዩ፤ አንዱ በሊትር ይጽፋል፣ አንዱ በኪሎ፤ ኪሎና ሊትር አንድ አይደሉም። የነፋስ ስልክም ይሁን የካዲስኮ ወይም የሌላ ፋብሪካ፣ ንጽጽሩ በሊትርና በሚሸፍነው ካሬ ይሁን እንጂ በጣሳ አይሁን።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ። ሱቅ ውስጥ የተቀላቀለ ክሬም ከሆነ በተለይ። አንድ ጠብታ ጥቁር ነው ልዩነቱ፤ ነገ ተመልሳችሁ "ያንኑ ቁጥር" ብትሉ ያው ላይሆን ይችላል። ከአንድ አውድማ ያልወጣ ጤፍ በአንድ ጆንያ አይገባም፤ ቀለምም እንደዚያ ነው። የገዛችኋቸውን ጣሳዎች ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ትልቅ ባልዲ ገልብጣችሁ አንድ አድርጓቸው። ያኔ ልዩነት ቢኖር እንኳ ግድግዳው ላይ መስመር አይሠራም። ትንሽ አስተርፋችሁ በማሰሮ ክዳን አጥብቃችሁ አስቀምጡ፤ ወንበር ሲፍቀው ትፈልጉታላችሁ።

እርጥብ ቀለም አትመኑ። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሳለ ነጣ ይላል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ቀቢው ሩሎውን አንዴ አንሸራቶ "እንዴት ነው?" ሲላችሁ "ነገ እነግርሃለሁ" በሉት። እርጥብ ቡና ላይ ዋጋ የሚቆርጥ አለ እንዴ?

የድሮ ዘይት ቀለም የምታስፍቁ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚከለክለው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ምን እንዳለበት አይታወቅም። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እየታሸ አቧራው ቤት ውስጥ እንዲናኝ አታድርጉ፤ እያረጠባችሁ አስፍቁ፣ ሕፃናትን ከቤት አውጡ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ለማጠቃለል፣ ኮፒ አድርጋችሁ ሱቅ ይዛችሁ የምትሄዱት፦

1. ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ናሙናውን ከወረቀቱ ጎን አድርጋችሁ ወደ ምን እንደሚያደላ ለዩ።

2. ከሦስት በላይ ናሙና አታምጡ። ትንሽ ትንሽ ገዝታችሁ ትልቅ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቡ። ግድግዳው ላይ ቀጥታ ከቀባችሁት ከሥሩ ያለው የድሮ ቀለም ዳኝነታችሁን ያዛባዋል።

3. ካርቶኑን ከማይቀየረው ነገር ጎን አድርጉት፤ ከሴራሚኩ፣ ከመጋረጃው፣ ከሶፋው። ግድግዳው ይቀየራል፤ ሴራሚኩ አይቀየርም።

4. ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር፣ 11 ሰዓት፣ ማታ መብራት በርቶ እዩት። አራት ጊዜ ታይቶ ያልጠላችሁትን ያዙ።

5. ሁለቱ እኩል ከሆኑባችሁ ነጣ ያለውን ውሰዱ። ትንሽ ካርድ ላይ ቀለል ያለው በአራት ግድግዳ እርስ በርሱ ሲንጸባረቅ ይጠነክራል።

6. በርና ግድግዳ ይለያዩ። ይህኛው ለውበት አይደለም።

7. ቤቱ ውስጥ ዓይኑ የደከመ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ሲመልስም እስኪጨርስ ስሙት።

ሰኞ ጠዋት በዋጋ እንገናኛለን። የሳምንቱን የጤፍ አገባብ አይተን የማኛና የሰርገኛ ልዩነት ሰፋ ወይስ ጠበበ የሚለውን እናያለን። ናሙና የምትልኩልኝም በፎቶ ሳይሆን በእፍኝ ይሁን። መልካም እሑድ፣ መልካም ቤተሰብ!